የአደራ ወንድም

ከእሳቱ በኋላ ሩዋይዳ ንግዷን ወደ አብነት ሰፈር ስታዞር የሚያውቃት ሁሉ "ወንድ ናት!" አለላት። የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ ብዙም ሳይቆይ ሱቅ ተከራይታ፣ መጋረጃዋን ሰቅላ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። የድሮ ደንበኞቿ እያጠያየቁ መጡ። "አላህ ያጽናሽ" ሲሏት "አሚን" ትላለች፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ "የሳሎን ነው የመኝታ ቤት?" ብላ ጣቃ ታወርዳለች። እንባዋን ያየ ሰው የለም። ለቅሶ ላይም አላለቀሰችም። እስኪመጣላት ጠብቃ ነበር፤ ሲዘገይባት ጊዜ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የሞተው ታናሽ ወንድሟ ሁዛይፋ ነው። አንድ እሑድ ከሶማሌ ተራ ጀርባ በነበረው ሱቃቸው በኩል እሳት ተነሥቶ እሱ ውስጥ ቀረ።

ታናሽ ወንድም ይባል እንጂ ያሳደገችው እሷ ናት። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ሩዋይዳ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከወራቤ አልፎ ወዳለው አገራቸው ለለቅሶ ሄዳ ስትመለስ የሰባት ዓመቱን ሁዛይፋን ይዛ መጣች። እናታቸው እማ ዱንያ የዒድ ልብሱን አልብሰው መኪናው ድረስ ሸኙት፤ እጁን ወስደው በልጃቸው እጅ ውስጥ አስቀመጡና "አደራ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ መርካቶን ሲያይ ክው አለ። አይሱዙ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ሻርፗ ውስጥ ይገባል፤ ገበያ መሀል የሻርፗን ጫፍ ሳይዝ አንድ እርምጃ አይራመድም። እሷ ትምህርት ቤት አስገባችው፣ እሷ ኩፍኝ ሲይዘው አስታመመችው፣ እሷ ፊደል ሲገድፍ ተቆጣችው። ሲያድግ የሻርፑን ጫፍ ለቆ የሱቁን ቁልፍ ያዘ። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ቀብራራ ደንበኛ ሳይቀር አስቆ የሚሸጥ ጎልማሳ ወጣው።

የሩዋይዳን ጉድ የሚያውቀው ባሏ ሙነወር ብቻ ነበር። ወደ ማምሻው ገበያው ሲዘጋ፣ የሻተር በሮች በየተራው ኳኳኳ እያሉ ሲወርዱ፣ እሷ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ቀድማ ዘግታ ወደ ቤት ትሮጣለች። ሰው ልጇን ናፍቃ ይመስለዋል። ድምፁን መሸሿ ነው። ቤት ውስጥ እሳት አይለኮስም። ከሰል የለም፣ ቡታጋዝ የለም፣ ስቶቩ ከአልጋ ሥር ገብቷል። ሙነወር ማታ ማታ ከምግብ ቤት በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ እስኪደርስ በርዶ ይበላል። አንድ ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ ካቻቢቴ ይዞ የቤቱን መቀርቀሪያ ሁሉ ፈታታው። የተዘጋ በር ስታይ እንዴት እንደምትሆን አይቶ ነበርና።

"መቼ ነው የሚሻልሽ?" ብሎ አይጠይቃትም። እሷም አትነግረውም። ሌሊት ስትባንን ውሃ ያቀብላታል፤ ጠጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ክረምት ገባ። የመታጠቢያ ቤታቸው በር የእንጨት ነበር፤ በዝናቡ አብጦ መጣበቅ ጀምሯል። አንድ ቅዳሜ ልጃቸው አፍራ ገላዋን ታጥባ ልትወጣ ስትል በሩ እምቢ አላት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አልፈራችም፤ እንዲያውም እየሳቀች በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"እማ! በሩ እምቢ አለኝ! እማ፣ ክፈቺልኝ!"

ሩዋይዳ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስታውስም። ወደ ልቧ ስትመለስ በሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተነቅሎ እጇ ደም በደም ሆኗል፤ አፍራ በፎጣ ተጠቅልላ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ትንቀጠቀጣለች። እሷ ልጅቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛ "ሁዛይፋ! ሁዛይፋ! መጣሁ! መጣሁልህ!" እያለች ትንጣለች።

"እኔ እኮ አፍራ ነኝ" አለች ልጅቷ። "እማ፣ አፍራ ነኝ። ፈራሁሽ።"

የዚያን ዕለት አፍራ ከጎረቤት ቤት አደረች።

ጎረቤት በበኩሉ የመሰለውን ተናገረ። ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ፣ ጂን ነው ያለም አለ። ሩዋይዳ ከዚያ በፊት ሼኹ ጋ ሄዳ ቁርኣን አስነብባ ነበር፤ ሲቀራላት ልቧ ይረጋል፣ አንድ ሁለት ቀን ትተኛለች፣ ከዚያ እንደገና ይብስባታል። አሁን ሙነወር ለብቻው ሄዶ የበሩን ነገር ለሼኹ ነገራቸው።

"እኔ ቁርኣኑን አላቋርጥባትም" አሉ። "ግን ስማ፤ እጇ ቢሰበር ወጌሻ ጋ ትወስዳት የለም? ይሄም ስብራት ነው። የዚህን ስብራት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ውሰዳት።"

ጤና ጣቢያው ውስጥ ክፍሉ ከክትባት መስጫው አጠገብ ነው። የሕፃናት ለቅሶ በግድግዳው ያልፋል። ሩዋይዳ በፋሻ የታሰረ እጇን በሻርፗ ሸፍና ስትገባ ጠረጴዛ ጀርባ ዶክተር ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ወንበሯን ወደ ፊት አምጥታ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ነው።

"ጸሎት እባላለሁ" አለች። "የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እርስዎን ማን ልበል?"

"ጸሎት ስምሽ ነው ወይስ ልትጸልይልኝ ነው?" አለች ሩዋይዳ፤ ቀልድ ቢመስልም ፊቷ አልተፈታም።

ጸሎት ሳቀች። "ስሜ ነው። እናቴ ናት ያወጣችልኝ።"

"ሩዋይዳ እባላለሁ። አንቺ በይኝ፤ አሮጊት አታድርጊኝ። ደግሞ ከመጀመራችን በፊት ልንገርሽ፣ እብድ አይደለሁም። ሱቅ አለኝ።"

"እብድ ናት ብሎ የላከሽ የለም፣ እትዬ ሩዋይዳ። እንቅልፍ እንዴት ነው?"

የመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍና በምግብ ወሬ አለቀ። ሩዋይዳ የመጋረጃ ጨርቅ እንዴት እንደተወደደ ሳይቀር አወራች። ጸሎት አልቸኮለችም። በሁለተኛው ቀን ግን ወደ እሑዱ ጠጋ ብለው ገና አፏን ስትከፍት የተቃጠለ ስፖንጅ ሽታ ክፍሉን ሞላባት። ማንም ያላሸተተው ሽታ። ትንፋሽ አጠራት።

"እትዬ ሩዋይዳ፣ ወደ እኔ እዪ። እግርሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊው። ምን ይሰማሻል?"

"ሲሚንቶ... ቀዝቃዛ ነው።"

"ከግድግዳው ወዲያስ?"

"ሕፃን ያለቅሳል።"

"ያለነው እዚህ ነው። ያ ያኔ ነው፣ ይሄ አሁን ነው።"

ትንፋሿ ቀስ እያለ ተመለሰላት። ያን ሌሊት ግን ክፉኛ ባነነች። በማግስቱ ለሙነወር "ቁስል ነው የሚነካኩት፤ አልመለስም" አለችው። 

የመለሰቻት አፍራ ነበረች፤ ያውም ሳታውቀው። ልጅቷ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቤቷ ውስጥ እንግዳ ሆናለች። እናቷ ወዳለችበት ክፍል ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆማ "ልግባ?" ትላለች። ከዚያ በፊት እየሮጠች መጥታ ጭኗ ላይ የምትወድቅ ልጅ! አንድ ማታ "ልግባ?" ስትል ሩዋይዳ "ግቢ፣ የእኔ እናት" አለቻት፤ ልጅቷ ገብታ ከአልጋው ጫፍ፣ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ተቀመጠች። ሩዋይዳ ያቺን ባዶ ቦታ አየቻት። በሳምንቱ ሻርፗን አጣፍታ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄደች።

"የቀረሁት ፈርቼ ነው" አለች ለጸሎት።

"አውቃለሁ። የዚያን ቀን እኔም ትንሽ ፈጠንኩብሽ መሰለኝ። አሁን ልጓሙን አንቺ ያዢው፤ በቃኝ ስትይ እናቆማለን።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብዙ ሳምንት ወደ እሳቱ አልሄዱም። ድምፁ ሲመጣ መተንፈስን፣ እግርን መሬት ማስያዝን፣ በዓይን ያዩትን በስም መጥራትን ተለማመዱ። ሩዋይዳ ሱቋ ውስጥ ስትሆን ማንም ሳያያት "ይሄ ቡናማ ነው፣ ይሄ ዳንቴል ነው፣ ይሄ አብነት ነው" ትላለች። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ አይሠራም፤ ያኔ እንደ ልማዷ ቆልፋ ትሮጣለች። ጸሎት ይሄንንም ስትነግራት አትቆጣም። አንድ ቀን ግን ሩዋይዳ ራሷ "ዛሬ ልንገርሽ" አለች፤ ነገረቻት።

እሑድ ነበር። አዲስ ዕቃ ገብቶ ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ሲደረድሩ አረፈዱ። ሁዛይፋ ሆዷ ሲጮህ ሰምቶ ሳቀባት። "ሂጂ ብይ፤ አለዚያ ደግሞ ትቆጪኛለሽ። እኔ ከውስጥ ዘግቼ እጨርሰዋለሁ" አላት። ሄደች። በላች። ከምግብ ቤቱ ልትነሣ ስትል ያገሯ ልጅ መጣችና አንድ ሻይ፣ አንድ ወሬ፣ ሌላ ሻይ ሆነ። ጩኸት ተሰማ። ስትወጣ ከአጎራባቹ የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ሮጠች። የእነሱ ሻተር ከውስጥ የተቆለፈ ነው፤ ሙቀቱ አጣሞት ከሐዲዱ ወጥቷል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ወጣቶች በፌሮ ይፈለቅቃሉ። ሁዛይፋ ከውስጥ ይደበድባል።

"'እትዬ!' ይለኛል" አለች ሩዋይዳ።  "'እትዬ! እትዬ!' ሲለኝ 'አለሁ፣ አለሁ' እለዋለሁ። ላሜራውን ስይዘው መዳፌን ላጠው። ከኋላ ያዙኝ፤ ጎተቱኝ። እንዲለቁኝ ነከስኳቸው። እሱ ይደበድባል። ይደበድባል። ከዚያ መደብደቡ ቆመ።"

 ጸሎት ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አልደበቀችውም።

"እዚህ ደርሰሻል" አለቻት። "ተናግረሽው ይኸው እዚህ ተቀምጠሻል።"

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ነገረቻት። በሌላው ሳምንትም። በተነገረ ቁጥር ወሬው ያው ነው፤ እሷ ግን ውስጡ መስጠሟ እየቀነሰ፣ ከዳር ሆና ማየት እየቻለች መጣች። አንድ ቀን ጸሎት በመሀል አቋረጠቻት።

"እትዬ ሩዋይዳ፣ ሁዛይፋ ያን ቀን ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሃያ ስድስት።"

"ስትነግሪኝ ግን አንድ ትንሽ ልጅ ትተሽ እንደሄድሽ አድርገሽ ነው። ሻርፕሽን የሚይዘውን።"

ሩዋይዳ የሻርፗን ጫፍ አየችው። 

"ረጅም ነበር" አለች ቀስ ብላ። "የሱቁን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጢሙን... ጢሙን ሊያሳድግ እየሞከረ ነበር፤ አልወጣለት እያለ። እሱ ነው ሂጂ ብይ ያለኝ። ጎልማሳ ነበር።" ከዚያ እንደ መደነቅ ብላ "ሰው ነበር እኮ" አለች። ያን ቀን ወደ ቤት በእግሯ ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ በልቧ ያን የማይወጣ ጢም እያየች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ እማ ዱንያ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ከለቅሶው ወዲህ እናትና ልጅ አልተያዩም ነበር። ሩዋይዳ ለአረፋ አገሯ አልሄደችም፤ በስልክም "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ" ብቻ ነው። እናትዮው "አደራዬን የት አደረግሽው?" ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋትም። አለመጠየቃቸው ነው የበላት።

የዓይናቸው ነገር ባለቀ ማግስት እማ ዱንያ "ቦታውን አሳዪኝ" አሉ።

ሙነወር ደንግጦ "እማዬ፣ እሱ ይቅርብዎ፤ ለእሷም ጥሩ አይደለም" አላቸው።

"የልጄን ቀብሩን አየሁ። የሞተበትን አላየሁም" አሉ።

ሩዋይዳ ጸሎት ጋ ደወለች። "ልሂድ?" አለቻት። ጸሎት ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም፤ "ከሄድሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። መመለስ በፈለግሽበት ቦታ መመለስ ትችያለሽ" አለቻት። እናቷን ይዛ ሄደች።

መርካቶ እንደ ሁልጊዜዋ ናት። ተሸካሚው "መንገድ! መንገድ!" እያለ ይጋፋል፤ ነጋዴው ይጣራል። ሩዋይዳ የእናቷን ክንድ ይዛ በሶማሌ ተራ በኩል ታጠፈች። ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለቴም እማ ዱንያ አብረዋት ቆሙ። ቦታው ላይ በአዲስ ቆርቆሮ የተሠሩ ሱቆች ቆመዋል፤ የእነሱ በነበረው የላስቲክ ባልዲና ሳፋ ይሸጣል። የጠቆረ ግድግዳ የለም፣ የቀረ ምልክት የለም። ሰው ባልዲ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይከራከራል።

"እዚህ ጋ ነው" አለች።

ከፊት ለፊት ክር የሚሸጡት ጋሼ ዘውገ አይተዋት ከሱቃቸው ወጡ። የድሮ ጎረቤቷ ናቸው። ሁለት ዱካ አምጥተው አስቀመጡ፤ እማ ዱንያን እጅ ነሡ፤ ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ቆሙ።

"ሩዋይዳ፣ ያን ቀን ከኋላ የያዝኩሽ እኔ ነኝ" አሉ። "አብነት መሆንሽን ሰምቻለሁ። ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው ያልመጣሁ። አሁንም በሕልሜ እይዝሻለሁ።"

ሩዋይዳ እጃቸውን አየች። ክንዳቸው ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ፤ የእሷ ጥርስ ነው።

"ባይይዙኝ ኖሮ ልጄ እናት አይኖራትም ነበር፣ ጋሼ" አለቻቸው። "እኔም ጋ ሌሊት ይመጣል። ስለሱ የሚነግሯት ሰው አለች፤ አሳይዎታለሁ።"

እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ሁለቱ ዱካው ላይ ተቀመጡ። እማ ዱንያ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱም እጃቸውን አላወረዱም። በስልጢኛ፣ በጣም በቀስታ፣ "ጠርቶኛል?" አሉ።

ሩዋይዳ ጥያቄው ገባት። "አዎ" ማለት ቀላል ነበር፤ ደግም ይመስላል። እግሯን መሬቱ ላይ ጫን አድርጋ ያዘች።

"አልጠራሽም፣ እማ። እኔን ነው የጠራው። እስኪያበቃ ድረስ እኔን ነው የጠራው። ልደርስለት አልቻልኩም። አደራሽን..."

እናትዮው እጃቸውን በእጇ ላይ አስቀመጡ።

"ያሳደገችውን ነዋ የሚጠራው" አሉ። "እኔ እኮ ብቻውን ይመስለኝ ነበር። ማንም የማይሰማው ቦታ፣ ብቻውን። ከበሩ ወዲህ ነበርሽ ለካ።"

ያኔ ሩዋይዳ አለቀሰች። እንደ ሰው አይደለም፤ እንደ ጎርፍ። ባልዲ የሚገዙት ዞር ብለው አዩ፤ አንዲት ሴት "ውይ፣ በሞትኩት" ብላ አለፈች። እማ ዱንያም ከእሷ ጋር አለቀሱ። ጋሼ ዘውገ ውሃ አመጡ። ጊዜው ማምሻ ነበርና የመንገዱ ሻተሮች መውረድ ጀመሩ፤ ሩዋይዳ በእያንዳንዱ ድምፅ ትሸማቀቃለች፣ ግን አልተነሣችም። ለቅሶዋን አልጨረሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተሻላት ማለት ውሸት ነው። እንዲያውም ለሳምንታት ሱቅ መክፈት ተሳናት፤ በከፈተችበትም ቀን መጋረጃ እየለካች ታለቅሳለች፣ ስትሄድ ታለቅሳለች፣ ስትበላ ታለቅሳለች። ሙነወር ደንግጦ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ጸሎት ግን "እስካሁን ፍርሃት ነበር፤ ይሄ ሐዘን ነው። ሐዘን ሰው ያለቅሰዋል" አለችው። ሩዋይዳ አሁንም በወር አንዴ ጸሎት ጋ ትሄዳለች። አሁንም አንዳንድ ሌሊት በሩ ይደበደባል። አፍራ "ልግባ?" ማለቷን መቼ እንደተወች ግን ማንም ልብ አላለም።

እማ ዱንያ ወደ አገራቸው የተመለሱት ቦታውን ባዩ በሦስተኛው ቀን ነበር። ጠዋት ሩዋይዳ ዓይኗ እንዳበጠ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻቸው። ረዳቱ "ወራቤ! ወራቤ!" ይጮኻል። ዕቃቸው ተጭኖ፣ በመስኮት በኩል እጇን እንደያዙ ጠየቋት።

"ለአረፋ ትመጫለሽ?"

ለአረፋ ሁልጊዜ የሚሄዱት ከሁዛይፋ ጋር ነበር። ሌሊት ተነሥተው፣ እሱ በጉን ማን እንደሚያርድ እየተከራከረ፣ ወራቤ እስኪደርሱ እያሳቃት።

"እንጃ፣ እማ። ያለ እሱ እንዴት አድርጌ እመጣለሁ?"

"ኧረ ነይ" አሉ እናቷ። "እኛም ያለ እሱ ነን። ነይና አብረን እናልቅሰው።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሩዋይዳ እጃቸውን ይዛ ጥቂት አብራ ተራመደች፤ ሲፈጥን ለቀቀቻቸው።